ከስድስት ወር አታልፍም

መቼ እንደምሞት ከእኔ በፊት ያወቁ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ልጆቼ ያውቁ ነበር። የንስሐ አባቴ ያውቁ ነበር። ሱቄን ያከራየኝ ሰውዬ እንኳ ያውቅ ነበር። ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የሚያስጽፈኝ በሽታው አይደለም፣ ንዴት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ በመንግሥት ሥራ ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ተከትዬው ከሸዋ መጣሁ። እሱ ቶሎ ሞተብኝ፤ ሁለቱን ልጆቼን እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር በከፈትኳት የስፌት ሱቅ አሳደግኳቸው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ የባህል ልብስ እሰፋለሁ፣ የሙሽራም ይምጣ የሐዘን አልመልስም። በዚህ ከተማ ከእኔ እጅ የወጣ ቀሚስ ወይም ሱሪ ሳይለብስ ያደገ ሰው ትንሽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ የጀመረው በወገቤ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ የኖረች ሴት ወገቧን ቢያማት ማን ይገረማል? እኔም አልገረመኝም። ሕመሙ አላስተኛ ሲለኝ አብራኝ የምትኖረው ሴቷ ልጄ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። እዚያ ሲመረምሩኝ ግራ ጡቴ ውስጥ እብጠት አገኙ። ናሙና ወሰዱ፤ ወገቤንም ደረቴንም የራጅ ፎቶ አነሱኝ። ውጤቱ በሚነገርበት ቀን ትልቁ ልጄ ከአዲስ አበባ መጣ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ካርዴን አየ፣ ከዚያ ልጄን አየ። እኔን አላየኝም። «አንዴ ውጭ እንነጋገር» አለው። ተከታትለው ወጡ። በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበርና የልጄ ጀርባ ይታየኛል። ሐኪሙ ጥቂት ነገር ተናገረ። ልጄ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ሲመለስ እየሳቀ ነው።

«እማዬ፣ ቀላል ነው። አጥንትሽ ትንሽ ተጎድቷል። ማስታገሻ ታዞልሻል።»

«ጡቴስ?»

«እሱም ከዚያው ነው።»

ከዚያው ነው! ወገብና ጡት በምን እንደሚገናኙ አልጠየቅኩትም። የወለድኩት ልጅ ነው፣ ይዋሸኛል ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ደግ ሆነ። ልጄ መጥረጊያ ከእጄ ትነጥቀኛለች። ስነሳ ትነሳለች፣ ስቀመጥ ትራስ ታመጣለች። ድሮ ስደውልለት «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚለኝ ወንድ ልጄ ጠዋትና ማታ ይደውላል፤ ደውሎም የሚለው ነገር ያጣል። «በልተሻል?» ይላል፤ «በልቻለሁ» እላለሁ፤ ከዚያ እንደገና «በልተሻል?» ይላል። ሱቅ ልሂድ ስላቸው «ትንሽ እረፊ» ይሉኛል። የትምህርት ቤት መክፈቻ እየደረሰ ነው፣ ዩኒፎርም የሚጠይቅ ሰው ሁሉ አሁን ነው የሚመጣው ብላቸው ደግሞ ወሬ ይቀይራሉ።

አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ሳልጠራቸው መጡ። ጸሎት አደረሱ፣ ጠበል ረጩኝ፣ ከዚያ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ፣

«ልጄ፣ ንስሐ ገብተሽ ብትቆርቢ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

«አባ፣ ምን ሰምተው ነው?»

«ኧረ ምንም። ለሁላችንም ደግ ነው ብዬ ነው። ዕድሜም አለና።»

ዕድሜም አለና። እሳቸው በዕድሜ እኔን ያስከነዳሉ። የሚደብቁኝ ነገር እንዳለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ልጄ ሥራ ስትሄድ ለብሼ ወጣሁ። ወገቤን ያመኛል፣ ግን እራመዳለሁ። ባጃጅ ይዤ ሱቄ ሄድኩ። የደረስኩበት በር የእኔ በር ነው፤ ውስጡ ግን የእኔ አይደለም። ዩኒፎርም የሚሰቀልበት ግድግዳ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተንጠልጥሎበታል። አንድ ጎረምሳ ወጥቶ «ምን ልታዘዝ እናቴ?» አለኝ። ቦታ የተሳሳትኩ መስሎኝ ቀኝና ግራውን አየሁ። ግራዬ ያው ፀጉር ቤት ነው፣ ቀኜ ያው ወፍጮ ቤት ነው።

ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ አንዲት ሴት በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ዚፕ ትቀይራለች። ቀና ስትል ተያየን። ልጅ ሆና ቀጥሬያት፣ መቀስ አያያዝ አስተምሬያት፣ ኋላ ሥራውን አብራኝ ትመራ የነበረች የሲዳማ ልጅ ናት። ልጅ እላታለሁ እንጂ አሁን እሷም የልጅ ልጅ አላት። መኪናውን ትታ ሮጣ መጣች።

«እትዬ! እንዴት ብለው መጡ? ማን አመጣዎት?»

«ሱቄ የት ሄደ?»

«ልጅዎ አልነገሩዎትም?»

«ምኑን?»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ክንዷን ይዤ ሳብኳት። «ንገሪኝ» አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ ዝም ማለት አልችልም። ጌታ ያየኛል። ካንሰር ነው አሉ። ጡት ላይ ጀምሮ አጥንት ገብቷል አሉ። ሐኪሙ ከስድስት ወር አታልፍም ብሏል አሉ። ልጆችዎ ሱቁን ለባለቤቱ መለሱ። መኪኖቹን ሸጡ። አንዱን ለእኔ ተዉልኝ ብዬ ለመንኩ፤ አልቋል አሉኝ። ይሄ የሰው ነው፣ የተዋስኩት ነው።»

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ሞትን አልነበረም። የጨርቅ ጠርዝ የምትዘመዝመውን ኦቨርሎኬን ነው ያሰብኩት። ዘይቷን በገዛ እጄ እየቀየርኩ ስንት ዘመን የሠራሁባት መኪና! እኔ ቤት ውስጥ ትራስ ተደግፌ ሾርባ ስጠጣ እሷን ተሸክመው አወጧት። የሞት ሐሳብ የመጣብኝ በኋላ ነው፣ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ። እሱንም የገፋሁት በንዴት ነው።

ለወንድ ልጄ ደውዬ «ነገ እዚህ ድረስ» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እህቱ ነግራው ይሆናል። ሲገባ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ፣

«ስንት ወር ቀረኝ?» አልኩት።

እህቱን አያት።

«እሷን ምን ታያለህ? የምሞተው እኔ ነኝ፣ እኔን እይ።»

«እማዬ፣ እንዳትጨነቂ ብለን እኮ ነው።»

«ሱቄን የዘጋችሁትም እንዳልጨነቅ ነው?»

«ማን ይሠራበታል ብለን ነው። ወገብሽን ያምሻል፣ መቆም አትችይም…»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ተቀምጬ እንደምሰፋ አታውቅም? በተቀመጥኩበት አይደል ያሳደግኩህ?»

ልጄ አቀረቀረ። እሱ ሲያቀረቅር ንዴቴ የሚበርድ መስሏቸው ነበር። ይብስ ተቀጣጠለ። ያን ጊዜ ሴቷ ልጄ ከጥግ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሕክምና አለ ብሎ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ሐኪሙ። መድኃኒት መሞከር ይቻላል ብሎ ነበር። ግን በዚህ ዕድሜዋ ትሠቃያለች እንጂ ብዙም አይጨምርላትም አለ። ከዚያ…» ወንድሟን አየችው። «ከዚያ፣ ራሱ እንደነገረኝ፣ እንግዲያው ይቅርባት አለው።»

ይቅርባት። ደም ግፊት ያለባት ሴት ጨው ይቅርባት ይባላል። ስኳር ያለባት ጣፋጭ ይቅርባት ይባላል። መኖር ይቅርባት የተባለች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ያውም ኮሪደር ላይ፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ የምርመራው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ።

«ውጡልኝ» አልኳቸው። ልጄ ሊያቅፈኝ መጣ። ደረቱን ገፋሁት። ከተወለደ ጀምሮ ገፍቼው አላውቅም ነበር።

ሐኪም ቤት የሄድኩት ከዚያችው መቀስ ካስተማርኳት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው። ልጆቼን አላስከተልኩም። የተመላላሽ ታካሚዎች ወረፋ በረንዳውን ሞልቶ እስከ ግቢው ዛፍ ደርሷል። ተራችን ሲደርስ ያው ወጣት ሐኪም ነው። አወቀኝ። ደነገጠም።

«እማማ፣ ቤተሰብ አልመጣም?»

«እኔ መጥቻለሁ። ምን እንዳለብኝ ንገረኝ።»

«ለቤተሰብዎ ተነግሯል እኮ።»

«ጡቱ የማን ነው?» አልኩት።

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ውጭ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ሐኪሙ ተነስቶ በሩን ዘጋና ተቀመጠ። ታማሚው እንዳይደነግጥ ለቤተሰብ መንገር የተለመደ እንደሆነ፣ ቤተሰብም «እንዳትነግሯት» ብሎ እንደሚለምናቸው አስረዳኝ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

«ስድስት ወሩንስ ከየት አመጣኸው?»

«በሽታው አጥንት ደርሷል። ዕድሜዎም ሰባ ሁለት ነው…»

«ሌላስ?»

ካርዱን ገለጠ። ካርዱ ላይ ሌላ ነገር የለም።

«ስራመድ አይተኸኛል? ምን እንደምበላ ጠይቀኸኛል? ቤቴን ማን እንደሚያስተዳድር፣ ሌላ በሽታ ይኑርብኝ አይኑርብኝ ጠይቀኸኛል? ሰባ ሁለት የሚለውን አይተህ ነው የፈረድክብኝ።»

ዓይኑ ቀልቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ ወንበር የተነሳ አይመስልም። ውጭ ያለውን ሕዝብ ብቻውን ነው የሚያየው። ይህን አይቻለሁ፣ አልክድም። ነገር ግን ድካሙ የእሱ ነው፣ ፍርዱ ያረፈው እኔ ላይ ነው። በመጨረሻ ወረቀት ጽፎ ወደ አንዲት የካንሰር ሐኪም መራኝ። ስወጣ «ይቅርታ እናቴ» አለኝ። ዞሬ አላየሁትም።

ሐኪሟ በዕድሜ የበሰለች ሴት ናት። መጀመሪያ ወንበሯን አዙራ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ምን ያህሉን ማወቅ ይፈልጋሉ?» አለችኝ። «ሁሉንም» አልኳት። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። በምን መጣሽ፣ ማን ያጥብሻል፣ ልብስሽን ራስሽ ትቆልፊያለሽ፣ ገበያ ማን ይሄዳል፣ በቅርቡ ወድቀሽ ታውቂያለሽ፣ ቀሚስሽ ሰፍቶሻል፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ፣ ኩላሊት፤ ሁሉንም በ«እርስዎ» ነው የምትለው፣ እኔ አሳጥሬው ነው። ማስታወሴን ለማየት ሦስት ቃል ነግራኝ ትንሽ ቆይታ መልሼ እንድነግራት አደረገች። ከወንበር ያለ ድጋፍ ተነስቼ እስከ በሩ ሄጄ እንድመለስ ስታዘኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለጡቴ ነው። አካሄዴ ምን ያደርግልሻል?»

«ከዕድሜዎ ይልቅ ብዙ የሚነግረኝ እሱ ነው» አለች። «ባለፈው አንዲት እናት መጥተው ነበር። ዕድሜያቸው ከእርስዎ ጋር እኩል፣ በሽታቸውም አንድ ዓይነት። ግን ከአልጋ አይነሱም፣ ልባቸው ደክሟል፣ የሚበሉት አይረጋላቸውም። ለሁለታችሁ አንድ ቁጥር ብናገር አንዳችሁን መበደሌ አይቀርም። እርስዎ አሁን ከወንበር እንዴት እንደተነሱ አይተዋል?»

አላየሁም። ተናድጄ ስለነበር ብድግ ብዬ ነበር የተነሳሁት።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። የናሙናውን ውጤት ዘርግታ፣ የእኔ ዓይነቱ በሆርሞን የሚያድግ እንደሆነ፣ ሆርሞኑን የሚዘጋ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን እንዳለ፣ ለአጥንቱም መርፌ እንዳለ አስረዳችኝ።

«እድናለሁ?»

«አይድኑም። ልናዘገየው እንችላለን እንጂ ልናጠፋው አንችልም።»

«ስንት ጊዜ ነው ያለኝ?»

«አንድ ቁጥር አልሰጥዎትም፤ ብሰጥ ውሸት ነው። መድኃኒቱ ከሠራልዎት ዓመታትን ነው የማስበው። ካልሠራ ወራት ሊሆን ይችላል። ብዙው ሰው በዚህና በዚያ መካከል ነው። እርስዎ የት እንደሚያርፉ ዛሬ አላውቅም። እየተከታተልኩ የማየውን እነግርዎታለሁ። ሌላ ሰው እንዲሰማ ከፈለጉ እርስዎ ይንገሩኝ።»

አለቀስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት እዚያ ነው። አይድኑም የሚለው ቃል ከባድ ነው፣ ግን የራሴ ስለሆነ ልሸከመው እችላለሁ። እንባዬን ጠርጌ ስወጣ ደግሞ ንዴቱ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ለመንገር የፈጀባት ሻይ ጠጥቶ የመነሳት ያህል ጊዜ ነው። ይህችን ታህል ጊዜ ለእኔ የሚሆን እንዴት ጠፋ?

ክኒኑን ጀመርኩ። ሰውነቴን በድንገት ያግለዋል፣ መገጣጠሚያዬን ይጠዘጥዘኛል። ጠዋት ጣቶቼ እስኪፍታቱ መርፌ መያዝ አልችልም። የወገቤ ሕመም ግን ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። መቆምም መራመድም ስችል ባልደረባዬን ይዤ መኪኖቼን ፍለጋ ወጣሁ። ኦቨርሎኳን አንድ ልብስ ሰፊ ጋ አገኘናት። ድምፅዋን ሳልገባ ነው ያወቅኩት። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ግን «እናቴ፣ ከልጅዎ ተስማምቼ ነው የገዛሁት፣ እንጀራዬ ሆናለች» አለኝ። እውነቱን ነው። ሊያስለቅሰኝ የሚገባ ነገር አናደደኝ፤ የምናደድበት ሰው እሱ አለመሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ስለዚህ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ በተዋሰቻት መኪና በፈረቃ መሥራት ጀመርን። እሷ ስትቆርጥ እኔ እሰፋለሁ፣ እኔ ስቆርጥ እሷ ትሰፋለች። ዱቄቱ ልብሱ ላይ እንዳይበን ጨርቅ ጋረድን። የቆዩ ደንበኞቼ መጀመሪያ ሲያዩኝ ይደነግጣሉ። አንዷ «እትዬ፣ እርስዎ…» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ቀረች። «አልሞትኩም። ቁመትሽን ልለካ ቁሚ» አልኳት። ፍቼ ሲደርስ የሰፋነው ልብስ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሲጨፍር አይተን መጣን። ባልደረባዬ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሁለታችንም የሄድነው ስፌቱን ለማየት ነው። አንዱ ትከሻ ላይ ጎብጦ ነበር፣ የማን ጥፋት እንደሆነ መንገዱን ሙሉ ስንከራከር ተመለስን።

ስድስት ወሩ የሞላው ከፍቼ በፊት ነው። እኔ አልቆጠርኩም፤ ልጄ ቆጥራ ኖሯል። ከሥራ ስገባ ዶሮ ተሠርቷል፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ አለ።

«ምን በዓል ነው?»

«እንዲሁ ነው እማዬ።»

ስታፍር ገባኝ። ሰሃኑን ገፋሁት። «የሞት ቀጠሮዬ ያለፈበትን ቀን ነው የምታከብሪልኝ? ልደት መሰለሽ?» አልኳት። አለቀሰች። ደስ ብሏት ነበር፣ ምስኪን፤ ደስታዋን የምታሳይበት ሌላ መንገድ ጠፍቷት ነው። ቆይቶ ዶሮውን አብረን በላን። ዛሬ ከእሷ ጋር ሰላም ነን። ቀጠሮ ስሄድ አብራኝ ትገባለች፣ ዝም ብላ ትሰማለች፣ እኔን ሳታስፈቅድ አንድ ቃል አትናገርም።

ከወንድሟ ጋር እንደዚያ አልሆነም። በየጊዜው ይመጣል። አንድ እሑድ ሐይቅ ዳር ወስዶኝ ዓሣ አዘዘልኝ። ሳንበላው ቀዘቀዘ።

«ፈርቼ ነው እማዬ» አለኝ። «ሐኪሙ ሲነግረኝ አባዬ ተሠቃይቶ የሞተ ጊዜ ትዝ አለኝ። ስትሠቃዪ ማየት አልችልም ብዬ ነው።»

«ማየት ያልቻልከው አንተ ነህ። ይቅርባት የተባልኩት ደግሞ እኔ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። እወደዋለሁ፤ ሲመጣ የሚወደውን እሠራለታለሁ፤ ሲሄድ ባጃጁ ከዓይኔ እስኪጠፋ አየዋለሁ። ይቅርታው ግን ገና አልመጣልኝም። ንስሐ አባቴ በዚህ ይቆጡኛል። ይቆጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ፍቼ አልፏል። በቅርቡ ወገቤ እንደገና ጀመረኝ። ሐኪሟ ፎቶውን አይታ በሽታው መንቀሳቀሱን፣ የመጀመሪያውን ክኒን እንደተላመደው፣ ሌላ እንደምትሞክር ነገረችኝ። «ባለፈው ካልኩዎት ዛሬ የማስበው ያጠረ ነው» አለችኝ። አመሰገንኳት። አሁን ቆሜ መቁረጥ አልችልም፤ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ አጥፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከእኛ መንደር ትንሽ ራቅ ብለው የሚኖሩ አንዲት ባልቴት እንደታመሙ ሰማሁ። ያው የጡት ነው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። ልጃቸው ራሷ መጥታ፣ እርስዎ ስለደረሰብዎት ያውቁታል፣ መጥተው ያጽናኑልን አለችኝ። ስሄድ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «እማማ አያውቁም። ጨጓራ ነው ብለናቸዋል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የላቸውም ብሎናል። እባክዎ፣ እንዳያነሱባቸው።»

«እኔ አላነሳም» አልኳት። «ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም።»

«እንግዲያው…» አለችና የበሩን ጠርዝ ይዛ ቆመች። ልትዘጋው ነው። በእሷ ፊት ላይ የልጄን ፊት አየሁ፤ ያንን ፍርሃት፣ ያንን ክፋት የሌለበትን በደል። ደሜ ፈላ። ምን ልላት እንደነበር አላውቅም፣ ግን ጥሩ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ከውስጥ የደከመ ግን የቀጠነ ያልሆነ ድምፅ መጣ።

«ማነው በሩ ላይ?»

እኔ «ልብስ ሰፊዋ ነኝ፣ ልጠይቅዎት መጥቼ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ምን ያስቆምሻል? ግቢ እንጂ።»

ገባሁ። አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል፣ ፀጉራቸውን ራሳቸው ይጎነጉናሉ። አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። ልጃቸው ሻይ እንድታፈላ አዘዟት፤ እያመነታች ወጣች። የእግሯ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቁና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«አንቺስ» አሉኝ፣ «በታመምሽ ጊዜ ልጆችሽ ምን ነው ብለውሽ ነበር?»